ተማሪ ይቅደም ወይስ ሰልፉ ይከበር?



በዚህ ዓመት በክፍላችን ውስጥ ከፈተናም ከኳስም ይልቅ ብዙ ክርክር ያስነሣው ጉዳይ የታክሲ ሰልፍ ነው። ክርክሩም እንዲህ ነው፤ ጧት ጧት ሕዝቡ ታክሲ ለመጠበቅ ተሰልፎ ሲቆም የደንብ ልብስ የለበሰ ተማሪ ከሰልፉ ወጥቶ ቀድሞ ይሳፈር ወይስ እንደ ማንኛውም ሰው ተራውን ይጠብቅ? ከጓደኞቼ የሚበዙት «ይቅደም» ይላሉ። እኔ «ተራውን ይጠብቅ» ከሚሉት ከጥቂቶቹ ወገን ነኝ። በመጋቢት ወር በክፍል ውስጥ ድምፅ ሲሰጥ 38 ለ 11 ተሸነፍን። የተሸነፈ ሰው መናገር አይከለከልምና አሳቤን በዚህ መጽሔት ላይ ለማስረዳት አዘጋጆቹን ጠይቄ ፈቅደውልኛል።

በመጀመሪያ ቤታቸው ቅርብ ሆኖ በእግራቸው ለሚመጡት ጓደኞቼ የጧቱን መንገድ ልንገራቸው። የእኛ ቤት ከአያት አደባባይ አለፍ ብሎ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ሰፈር ነው። የትምህርት ቤታችን በር የሚዘጋው በ2 ሰዓት ነው። ለዚህም ከንጋቱ በ11 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ፤ 12 ሰዓት ሲሆን ሰልፍ ላይ ነኝ። በዚያ ሰዓት ሰልፉ ላይ የማይገኝ ዓይነት ሰው የለም። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ቁጭ ብሎ የሚያንቀላፋ ዘበኛ፣ ነጭ ገዋንዋን አጣጥፋ የያዘች ነርስ፣ ለሆቴል እንጀራ የምታደርስ ሴት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከዚያም እኛ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከእነዚህ ሰዎች ጋር በየቀኑ ስቆም ከፊታቸው ይልቅ ጀርባቸውን ለመለየት በቅቻለሁ። አንዱ «ተራዬን ያዙልኝ» ብሎ ዳቦ ሊገዛ ይሄዳል፤ ሲመለስም ቦታው አይነካበትም። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው የለም፤ ፖሊስም አይጠብቀውም።

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ በደንቡ ከጫነ 12 ሰው ያህል ይይዛል። ከፊቴ 60 ሰው ካለ እንግዲህ አምስት ታክሲ ሞልቶ ይሄዳል፤ እኔ የምሳፈረው በስድስተኛው ነው። በየ10 ደቂቃው አንድ ቢመጣ አንድ ሰዓት መቆም ነው። ይህም እስከ መገናኛ ለመድረስ ብቻ ነው። ከመገናኛ ወዲያ ሌላ ሰልፍ አለ።

ታክሲው ለምን አይበቃም ቢባል ምክንያቱ የመኪናው ማነስ ብቻ አይደለም። ጧት ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዳር ወደ መሐል ይጎርፋል፤ ታክሲው ያደረሰውን ሰው አራግፎ ሲመለስ ባዶውን ነው፤ ያውም መንገዱ ተዘጋግቶ። ስለዚህ አንዳንዱ ሾፌር ከመመለስ ይልቅ እዚያው መሐል ከተማ አጭር አጭር መንገድ መሥራቱን ይመርጣል። ሌላው ደግሞ መንገዱን ያቆራርጣል። በጣራው ላይ ያለው ታፔላ «አያት – መገናኛ» ይላል፤ ረዳቱ ግን «ጉርድ ሾላ ብቻ!» እያለ ይጣራል። ከጉርድ ሾላ ወዲያ ለመሄድ ሁለተኛ ሒሳብ መክፈል ያስፈልጋል። በዚህ ነገር ሾፌሩን ብቻ መርገም ቀላል ነው። እርሱም በበኩሉ ለነዳጅ ተሰልፎ የሚውልበት ቀን አለ፤ ማታም ለባለንብረቱ የሚያስገባው የተቆረጠ ገንዘብ አለበት። እርሱም እንደኛው ከሌላ ሰልፍ የመጣ ሰው መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው እንጂ ማቆራረጡን ደግፌ አይደለም።

ባቡሩስ? የሚሉኝ አሉ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኔ ገና ሕፃን ነበርሁ፤ አባቴ ግን በዚያው ዓመት ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ደርሶ መመለሱን እስከ ዛሬ ያወራል። ሁለቱ መስመሮች፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብና ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት፣ ባንድነት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ክፍያው በጊዜው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር። ለሥራው የተገዙት ባቡሮች 41 ነበሩ፤ ነገር ግን በኋለኞቹ ዓመታት ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። እኔ በባቡሩ የምሄድበት ቀን አለ፤ ሲገኝ እጅግ ፈጣን ነው፤ ትራፊክ አያቆመውም። ችግሩ በሩ ሲከፈት ነው። በጣቢያው ላይ ሰልፍ የለም። በሩ ከየት በኩል እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሁሉም ይጠብቅና ሲቆም ይጋፋል። አረጋዊ ሰው፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ቦርሳው የከበደው ተማሪ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በግፊያውም መካከል ኪሱ የሚዳበስ አለ። ይህን ያነሣሁት ሰልፍ የሌለበት ቦታ ምን እንደሚመስል በዓይናችን ስለምናየው ነው።

አያቴም የምትነግረኝ ከዚህ አይለይም። አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረ ይነገራል፤ እርስዋ በእርሱም፣ ሰይቼንቶ በምትባለው ትንሽ ታክሲም፣ ተሳፋሪው በሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተያይቶ በሚቀመጥበት «ውይይት» በሚባለው መኪናም ሄዳለች። «በእኛ ጊዜ አውቶቡስ ሲመጣ ጉልበት ያለው ይገባል፤ እኔ ነጠላዬን በጥርሴ ነክሼ ነበር የምጋፋው» ትላለች። ከዚያ ግፊያ ወደ ዛሬው ሰልፍ መድረሳችን በእኔ አስተያየት ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ከተማችን ትላልቅ ሕንፃዎች ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ሰልፉ ግን የጻፈ አላየሁም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። ነገሩ የጀመረው በኅዳር ወር ነው። አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች፣ ከእኛም ከሌላም ትምህርት ቤት፣ ተነጋግረው ወደ ተራ አስከባሪው ቀረቡና «ጋሼ፣ በሩ ይዘጋብናል፤ ከየታክሲው አራት አራት ቦታ ለተማሪ ይስጡን» ብለው ለመኑት። ተራ አስከባሪው ደግ ሰው ነውና ተስማማ። ሕዝቡም በመጀመሪያው ቀን አላጉረመረመም። «ልጆች ናቸው፤ ይለፉ» አለ። ጓደኞቼ በእጃቸው ቢጠቅሱኝም እኔ በቦታዬ ቀረሁ። ጻድቅ ሆኜ አይደለም፤ ከፊቴ የነበሩት 10 ሰዎች ብቻ ስለ ነበሩ ነው። በዚህም ምክንያት የሆነውን ሁሉ ከሰልፉ ውስጥ ሆኜ ለማየት ቻልሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ግንበኛ፣ መዶሻውንና ቱንቢውን በማዳበሪያ ከረጢት የያዘ፣ አራቱ ተማሪዎች ሲያልፉት ድምፁን ሳያነሣ እንዲህ አላቸው፤ «ስሙኝ ልጆቼ፤ እናንተ ከዘገያችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ያመልጣችኋል። እኔ ከዘገየሁ ቀኑ ያመልጠኛል። አሠሪው 1 ሰዓት ተኩል ላይ የመጣውን ቈጥሮ ይወስዳል፤ የቀረውን ወደ ቤትህ ሂድ ይላል።» ከተማሪዎቹ መካከል የመለሰለት አልነበረም፤ ታክሲውም ሄደ። ግንበኛው በዚያ ቀን ሥራ ያግኝ አያግኝ አላውቅም።

በክፍላችን ክርክር ጊዜ ይህን ስናገር አንዱ ጓደኛዬ ጥሩ አድርጎ ተከራከረኝ። «የግንበኛው ችግር እውነት ነው፤ ነገር ግን ተማሪ የሚሄደው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ አገር ወደ ፊት የሚጠብቀው እርሱን ነው» አለ። ሁሉም አጨበጨበለት። እኔ ግን ይህ ክርክር ይከብደኛል። ነገ ሐኪም እሆናለሁ ብዬ ዛሬ በሽተኛዋን ከሰልፍ ላስወጣ? በዚያ ሰልፍ ላይ የታመመ ልጅዋን አቅፋ ወደ ሆስፒታል የምትሄድ እናት አይቻለሁ። ካርድ ለማውጣት ደግሞ ሌላ ሰልፍ ይጠብቃታል። የማን ጉዳይ ከማን እንደሚበልጥ ለመወሰን የእያንዳንዱን ሰው ልብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያን የሚያውቅ ተራ አስከባሪ የለም። ሰልፍ ደግነቱ ይህንኑ አለመጠየቁ ነው። ሰልፉ «ለምን ትሄዳለህ?» አይልም፤ «መቼ መጣህ?» ይላል።

ሆኖም ክርክሬ በግንበኛውና በእናቲቱ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ተማሪውን ራሱን የጎዳው ማን እንደ ሆነ ስሙ። በሳምንቱ አራት የነበረው ቦታ ስድስት ሆነ። ቤታቸው ለትምህርት ቤታቸው ቅርብ የሆነ፣ ከፈለጉ በእግራቸው የሚደርሱ ተማሪዎችም የደንብ ልብሳቸውን እያሳዩ ይገቡ ጀመር። የወንድሙን ሹራብ ደርቦ የሚመጣ ጎረምሳም አየን፤ ትምህርት ካቆመ ዓመታት ያለፈው መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህን ያየው ሕዝብ ደግሞ «እኛስ ለምን እንቆማለን?» አለ። ታክሲው መጠበቂያው ሳይደርስ ከሚዞርበት ቦታ ድረስ ወደ ኋላ እየሄዱ መሳፈር መጣ። ለረዳቱ ዕጥፍ የሚከፍልም ተገኘ። መኪናው እኛ ዘንድ ሲደርስ ሙሉ ነው፤ ወይም ሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ አለውና ለሁለቱ ቦታ ሠላሳ ሰው ይሮጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ለተማሪ የተሰጠው ዕድል ሁለት ሳምንት ሙሉ አልቆየም።

ከዚያ በኋላ የተሳፈረው ማን ነው? ጉልበተኛው ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሁልጊዜ ከእኔ ኋላ የምትሰለፍ፣ በግፊያው የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶ ደብተሮችዋ አስፋልት ላይ ተበተኑ። ቆመን ለቀምንላት። በዚያ ቀን ትምህርት ቤት የደረሰችው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር። ከፊትዋ ገፍተው የገቡት ሁለት ወንዶች፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ በሩ ሳይዘጋ ደርሰዋል። «ተማሪ ይቅደም» የሚለው አሳብ በተግባር የዋለው እንዲህ ሆኖ ነው፤ የቀደመው ተማሪ ሳይሆን ጠንካራው ነው።

ከገና በፊት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከተራ አስከባሪው ጋር ተነጋግረው ሰልፉን ወደ ቀድሞው ሥርዓት መለሱት። ሦስት ቀን ያህል ራሳቸው በማለዳ ወጥተው ቆሙ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይጠብቀው ጸና።

እዚህ ላይ «ታዲያ ለነፍሰ ጡርና ለአቅመ ደካማም ቦታ አይለቀቅም ማለትህ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ነገር ግን ተራን መስጠትና ተራን መውሰድ ሁለት ናቸው። ስለዚህ ነገር ከሰልፋችን ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ያስተማሩን ደንብ አለ፤ እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም። እንዲህ ነው፤ አንዲት ባልቴት ከኋላ ሲመጡ ከፊት ያለው ሰው ቦታውን ይለቅላቸውና እርሱ ወደ እርሳቸው ቦታ፣ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል። ቦታውን ሰጥቶ እዚያው አጠገባቸው ቢቆም ግን ከኋላው ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ በሌላ ሰው ኪስ መመጽወት ማለት ይህ ነው። መምህሩ ይህን ሲያስረዱ ብዙ ሰው ሳቀ። ባልቴቷ ሲመጡ ግን ራሳቸው ከሦስተኛ ቦታ ተነሥተው በትራቸውን እየተመረኮዙ ወደ መጨረሻው ሄዱ። ባልቴቷ «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎም እንደኔው ነዎት!» ቢሉ አልተመለሱም። ሰውም ሳቁን አቆመ። ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት እርሳቸውን ከመጨረሻው ወደ ራሱ ቦታ አመጣቸው፤ እርሱም በበኩሉ መጨረሻ ሄዶ ቆመ። ማንም ሰው አልተጎዳም።

ይህን ሁሉ ስል የጓደኞቼን ችግር አልካድሁም። ችግሩ የእኔም ነው። ይልቁንም በየዓመቱ ከሩቅ የሚመጣው ተማሪ እየበዛ ነው። ቀድሞ በመሐል ከተማ ይኖሩ የነበሩ፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡ ቤተ ሰቦች ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ ልጆቻቸው ግን ትምህርት ቤታቸውን ላለመልቀቅ ከዚያው እየተመላለሱ ይማራሉ። በእኛ ክፍል ብቻ እንደዚህ ያሉ ሦስት አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቀድሞ በእግሩ በ10 ደቂቃ የሚደርስ፣ አንድም ቀን ያልዘገየ ተማሪ ነበር። ዛሬ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከበሩ ውጭ ይቆማል። ልጁ ሰነፍ አልሆነም፤ የተለወጠው የመኖሪያው አድራሻ ነው።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የሚለወጠው ሰልፉ ሳይሆን በሩ ነው። በሩ የኛው ነው፤ ሰልፉ ግን የሕዝብ ነው። የሌላውን ሰው ጊዜ ወስደን የራሳችንን ከመሙላት በፊት በገዛ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ማየት ይገባናል። የተከበሩ መምህራን እንዲያስቡበት የምለምነው ይህን ነው፤ መኖሪያቸው ሩቅ የሆነ ተማሪዎች ስማቸው ይመዝገብና እስከ 2 ሰዓት ከ20 እንዲገቡ ይፈቀድላቸው። ያመለጣቸውን 20 ደቂቃ በምሳ ሰዓት ከጓደኛ ደብተር ይገልብጡ። «ይህ ከተፈቀደ ሁሉም ይዘገያል» የሚል ሥጋት እንዳለ ሰምቻለሁ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሹራብ የሚዋስ ጎረምሳ እንዳለ እኔው ነግሬያችኋለሁ። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የእያንዳንዱን ተማሪ ቀበሌ በመዝገብ ያውቀዋል፤ ተራ አስከባሪው ግን አያውቅም። ደግሞም ዛሬ የዘገየው ተማሪ ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚያጣው 20 ደቂቃ ሳይሆን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነው። ያን 40 ደቂቃ በመንገድ ዳር ከማሳለፍ በክፍል ውስጥ ቢያሳልፈው ለዲሲፕሊኑም የሚሻል ይመስለኛል።

ወላጆችንም አንድ ነገር ልጠይቅ። በሰልፍ ላይ ቆመን ሳለን የትምህርት ቤታችንን ሹራብ የለበሰ ልጅ ብቻውን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በቤት መኪና ሲያልፍ እናያለን። አንዳንዱ እጁን ያውለበልብልናል፤ እኛም እንመልስለታለን። በዚያ መኪና ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ባዶ ቦታ አለ። ወላጆች በስብሰባ ቀን ሰፈር ለሰፈር ቢተዋወቁ ከየሰልፉ ላይ ጥቂት ልጆች ይቀነሱ ነበር፤ ለግንበኛውም ተራው ይቀርብለት ነበር። ይህ ልመና ለአንዳንዶች ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ። ልጄን ከማላውቀው ልጅ ጋር አላስቀምጥም የሚል ወላጅ መብቱ ነው። ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ወላጆች ሁሉ ያነቡናልና ዕድሉን አላሳልፈውም።

ከጓደኞቼ ጋር ግን ከክርክሩ በኋላም ተነጋግረናል። «ይቅደም» ያሉትን ሁሉ ባላሳምንም የበሩን ነገር በጋራ መጠየቅ እንደምንችል ተስማማን። ደብዳቤውንም ጽፈን በግንቦት ወር መጀመሪያ ለርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት አስገብተናል። የ23 ተማሪዎች ፊርማ አለበት፤ ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ በድምፅ ያሸነፉን ናቸው። መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ሄደበት ቀን ድረስ መልሱ ስላልደረሰን እዚህ ላይ ልጽፈው አልቻልሁም።